የመንዝ ጓሳ፤ ስለ ቀሮ ሥርዐትና በሣር ጥላ ሥር ስለ ተረፉት አራዊት

መግቢያ

አራዊትን ከጥፋት ለማዳን ሲባል ምድርን መከለል በአገራችን ዘወትር የመንግሥት ሥራ ሆኖ ይታሰባል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) በአዋጅ ሲቋቋም ወሰኑ የተሠመረው፣ ዘበኛው የተቀጠረው፣ ክልከላውም የታወቀው ከማእከል በመጣ ትእዛዝ ነበር። በውስጡ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብም በመጨረሻ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከስፍራው ተነሥቶ በደባርቅ እንዲሰፍር ሆኗል። በዚህ ዐይነቱ አሠራር አራዊቱና ሰዎቹ እንደ ሁለት ባላጋራ ወገኖች ይቈጠራሉ፤ አንዱ እንዲኖር ሌላው ገለል ማለት ይኖርበታል።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከዚህ በጣም የተለየ ምሳሌ ይገኛል። ጓሳ ተብሎ የሚጠራው ከፍተኛ ምድር በዙሪያው ባሉት ገበሬዎች ሕግ ለብዙ ትውልድ ሲጠበቅ ኖሯል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም እስከ ዛሬ ይኖሩበታል። ስፍራውን ለማየት የሚሄደው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ልቡን የሚጥለው በአራዊቱ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን አራዊቱን ያተረፈው ሕግ ስለ አራዊት አንድ ቃል እንኳ ያልተናገረ የሣር ሕግ መሆኑን ማስረዳት፣ ከዚያም የሣሩ ጥቅም ሲቀንስ ሕጉ በምን ሊቆም እንደሚችል መጠየቅ ነው።

ስፍራው

ወደ ጓሳ የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ጣርማ በር ይደርሳል፤ ከዚያ የደሴን መንገድ ትቶ በግራ በኩል በመታጠፍ በሞላሌ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ከድንጋይ የተሠራ ቤትና የበግ መንጋ ነው። መንዝ በበጉ ጠጕር የታወቀ አገር ነው፤ በርኖሱም ዝተቱም ከዚሁ ጠጕር ተፈትሎ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ብርዱና ልብሱ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን እንግዳው ገና ሳይደርስ ይረዳዋል።

ከመሐል ሜዳ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ምድሩ ከፍ እያለ ይሄድና የታረሰው መሬት ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጓሳ ነው። ስፋቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ፣ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። አገሬው ምድርን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ሲከፍል ይህ ስፍራ ከውርጩ ወገን ይመደባል፤ በበጋ ሌሊት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በገደል ተቈርጦ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። በምዕራብ የሚፈልቀው ውኃ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ የሚፈልቀውም ወደ አዋሽ ስለሚፈስ፣ ጓሳ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውኃ ከሚለያይባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው።

በሜዳው ላይ ከሣሩ ሌላ አስታ፣ ጦስኝና ጅብራ ይበቅላሉ። ጅብራ ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ በሰው ቁመት ሁለትና ሦስት እጥፍ ቆሞ ከሩቅ ሲታይ ምሰሶ ይመስላል። እንግዳው ይህን ሁሉ አይቶ የሰው እጅ ያልነካው በረሓ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ማሳው በምን ምክንያት በዚያ ቦታ ላይ እንደ ቆመ ራሱን ቢጠይቅ፣ ወሰኑን ያቆመው ብርዱ ብቻ አለመሆኑን ያስተውላል። በሌላው የአገራችን ደጋ ገብስ በዚህን ያህል ከፍታ ሲዘራ ይታያልና።

ሣሩና ጥቅሙ

ስፍራው ስሙን ያገኘው ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። ጓሳ በእሾክ መሳይ ጕቶ እየተሰበሰበ የሚያድግ፣ ረጅምና ጠንካራ፣ ቶሎ የማይበሰብስ ሣር ነው። ለቤት ክዳን ከሌላው ሣር ሁሉ ይመረጣል። ተፈትሎ ገመድ ይሆናል፤ ተጎንጕኖ እረኛው በዝናብ ጊዜ የሚደርበው ገሳ ይሠራበታል፤ ለፍራሽ ይሞላል፤ ለግድግዳ ከጭቃ ጋር ይቦካል፤ በበዓል ቀንም በቤት ውስጥ ይጐዘጐዛል። በድርቅ ዘመን፣ ታችኛው ግጦሽ ሲያልቅ፣ ለከብቱ የመጨረሻው መጠጊያ ይኸው ሜዳ ነው። የማገዶ ቍጥቋጦም ከዚሁ ይለቀማል፤ ይህም ሥራ በይበልጥ የሴቶች ነው።

እንግዲህ በዛፍ ባዶ፣ በብርድ ጽኑ በሆነ አገር ውስጥ ይህ ሣር የሌለው ቤት ክዳን የለውም፤ በሬው በክፉ ቀን የሚበላው አያገኝም። የሕጉ ጥብቅነት ሊገባን የሚችለው ይህን ስናውቅ ነው።

የቀሮ ሥርዐት

ሜዳው ይጠበቅበት የነበረው ሥርዐት ቀሮ ይባላል። በዚህ ጉዳይ ሰፊ ጥናት ያደረጉት ዶክተር ዘላለም ተፈራ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ለኬንት ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍና ከዚያም በኋላ ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ክፍል ዋና መሠረት ነው።

በትውፊቱ እንደሚነገረው የቀሮ መሥራቾች አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ናቸው። ማቅናት ሲባል ሰው ያልኖረበትን ምድር መንጥሮና አርሶ አገር ማድረግ ስለ ሆነ፣ አቅኚ አባት ማለት ለልጅ ልጆቹ ርስት የከፈተ የመጀመሪያው ሰው ማለት ነው። ለእርሻ የሚሆነው ምድር ሲከፋፈል ጓሳ ለጋራ የሣር ማጨጃና የከብት ማሰማሪያ ተለይቶ ቀረ። ይህ የሆነው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው ይባላል፤ ዘመኑም የሸዋ ነገሥታት ሐረግ መሥራች የሆነው ነጋሢ ከመንዝ ከተነሣበት ጊዜ ጋር የተቀራረበ ነው። በቃል የሚተላለፍ ታሪክ ዘመንን አጥብቦ አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ ሥርዐቱ ብዙ ትውልድ የተቈጠረለት መሆኑን አያጠራጥርም።

የመጠቀም መብት የተመሠረተው በአጽመ ርስት ላይ ነበር። ቃሉ ራሱ እንደሚያመለክተው መብቱ ከአባቶች አጽም የሚወረስ ነው፤ ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለዱን ቈጥሮ ያላስረዳ ሰው ከሜዳው ሣር ለማጨድ አይችልም። በአማራ አገር ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚቈጠር ስለ ሆነ የባለ መብቱ ቍጥር ብዙ ነበር፤ የሆነ ሆኖ ድንበር ነበረው። ከሌላ አገር የመጣ ጭሰኛና ርስት የሌለው ባለ እጅ ከዚህ ድንበር ውጪ ይቀሩ ነበር።

ሥርዐቱን የሚመራው አፈሮ ይባላል። ለአስቦ ወገን አንድ፣ ለጌራ ወገን አንድ አፈሮ በሕዝቡ ይመረጥ ነበር። ከእርሱ በታች ተጠቃሚው በየአጥቢያው ደብር ተከፋፍሎ ይደራጃል፤ ስለዚህም ሕዝቡ በአንድ ታቦት ሥር በሚሰበሰብበት በዚያው መልክ ለጓሳም ጕዳይ ይሰበሰብ ነበር። ጥበቃው ለተቀጠረ ሰው የተተወ አልነበረም፤ የየቤቱ ወንድ ተራ ገብቶ ሜዳውን መቃኘት ነበረበት። ከተራው የቀረና በተከለከለ ጊዜ ሲያጭድ ወይም ሲያሰማራ የተገኘ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ከባድ እንደ ነበረ ይነገራል።

የቀሮ ዋናው ጥበብ በጊዜው አከፋፈል ላይ ይታያል። ሜዳው ከተዘጋ እስከ 3 እና እስከ 5 ዓመት ድረስ ሳይነካ ሊቈይ ይችላል። አፈሮው ሣሩ መድረሱን፣ ሕዝቡም መቸገሩን አይቶ የሚከፈትበትን ቀን ያስታውቃል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በበጋው ጽናት፣ ይልቁንም በድርቅ ዓመት ነው። ሲከፈት በቅድሚያ ሣሩ ይታጨዳል። አጨዳው ካበቃ በኋላ ከብቱ ይገባል። ክረምት ሲገባ ሰውም ከብትም ይወጣና ሜዳው እንደ ገና ይዘጋል፤ የመጨረሻው ቀን ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ነው።

ይህ የቀን አመራረጥ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ የሚፈጽም ይመስላል። በአንድ በኩል ሐምሌ ዝናቡ የሚጸናበት፣ ሣሩ የሚያድግበት፣ እርጥቡም መሬት በከብት ኮቴ የሚጐዳበት ወር ነው። በሌላ በኩል የሐዋርያት ጾም የሚፈታበትን ቀን የማያውቅ የመንዝ ሰው ስለሌለ፣ አላወቅሁም ብሎ የሚያመካኝ አይኖርም። ሕጉ በጽሑፍ ባይሰፍርም በቀን መቍጠሪያው ላይ እንደ ተጻፈ ይቈጠራል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

የጋራ ሀብት ሁሉ በተጠቃሚዎቹ ስስት መጥፋቱ አይቀርም የሚለውን ክርክር ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጽሑፍ አስፋፍቶ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ድንበሩ የታወቀ፣ ተጠቃሚው ራሱ ሕግ የሚያወጣበትና የሚጠብቀው የጋራ ሀብት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊዘልቅ እንደሚችል ከልዩ ልዩ አገሮች ምሳሌ እያቀረበች አስረዳች። ቀሮ ለኦስትሮም አሳብ ጥሩ ምስክር ነው። ነገር ግን የመንዝ ታሪክ አንድ አስቸጋሪ ነገር ይጨምርበታል፤ ይኸውም ድንበሩ የታወቀ እንዲሆን ያደረገው የዘር ቈጠራ መሆኑ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ርስት የሚባለው መብት ከሥሩ ተነቀለ። ከዚያ በኋላ ከአስቦና ከጌራ መወለድ በሕግ ፊት ዋጋ አልነበረውም። የአፈሮው ሥልጣን ለአዲሶቹ የገበሬዎች ማኅበራት ቦታውን ለቀቀ። ቀድሞ ከሣሩ የተከለከለው ጭሰኛና ባለ እጅ እንደ ሌላው ሁሉ የመጠቀም መብት አገኘ፤ ይህም ለእርሱ ፍትሕ ነበር። ለሜዳው ግን የፈተና ጊዜ ሆነበት። የሚከለክል ሳይኖር የሚጠቀመው በዛ፤ ተራና ወቅት ሳይጠበቅ ሣሩ ይታጨድ፣ ከብቱም ይሰማራ ጀመር።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ተማሪ ወደ ሁለት ዐይነት ስሕተት እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ። አንደኛው ቀሮን እንደ ንጹሕ የአባቶች ጥበብ ብቻ አድርጎ በማወደስ በውጪ የቀሩትን ሰዎች መርሳት ነው። ሁለተኛው የርስትን ሥርዐት ከነበደሉ ሲያወግዙ፣ አብሮት የፈረሰው የጥበቃ ሥርዐት ምን ይሠራ እንደ ነበር አለማየት ነው። ያው አንዱ ደንብ ሣሩን ሲጠብቅ ሰውንም ይለይ ነበር።

ሕዝቡ ከዚህ ችግር የወጣበት መንገድ ለሥነ ሕዝብ ተመልካች እጅግ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በየገበሬ ማኅበሩ ተወካዮች የሚመራ፣ የዕድር መልክ ያለው የጓሳ ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ። ዕድር በአገራችን የታወቀ የመረዳጃ ማኅበር ነው፤ አባል የሚሆነው ሰው በትውልዱ ሳይሆን በመዋጮውና በመገኘቱ ነው፤ ከለቅሶ የቀረም ይቀጣል። እንዲህ በመሆኑ የተራ ጥበቃው፣ ቅጣቱ፣ የመክፈቻውና የመዝጊያው ወራት ከአሮጌው ሥርዐት ሲወረሱ፣ የመብቱ መሠረት ግን ከአጥንት ወደ አባልነት ተሻገረ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታትም ስፍራው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ በክልሉ መንግሥት ዕውቅና አግኝቷል።

በሣሩ ጥላ ሥር

አራዊቱ ከዚህ ሁሉ ምን እንዳገኙ ለማየት ከሣሩ ሥር መጀመር ይገባል። ረጅሙ ጓሳና በመካከሉ ያለው አጭር ሣር ለብዙ ዐይነት የአይጥ ወገኖች መኖሪያ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በእነዚህ አይጦች ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ በጠቅላላው ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በጓሳ ያሉት በጥቂት ዐሥሮች የሚቈጠሩ ናቸው። ሜዳው ታርሶ ቢሆን ኖሮ አይጡ ምግቡንና መሸሸጊያውን፣ ቀበሮውም አይጡን ባጣ ነበር። ዶክተር ዘላለም ያቀረቡት ዋና መደምደሚያም ይኸው ነው፤ ለሣር የወጣው ክልከላ ቀበሮውን አብሮ አተረፈው።

ጭላዳ ደግሞ ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ብቸኛው የዝንጀሮ ዐይነት ነው። የጓሳ ጭላዶች እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በተመራማሪዎች ሲጠኑ ቈይተዋል። በዚህ ጥናት ከተገኙት ነገሮች አንዱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ቀይ ቀበሮው በጭላዳው መንጋ መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ ያድናል፤ ግልገሎቹን አይነካም፤ መንጋውም አይሸሸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ቀበሮው በመንጋው ውስጥ ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሞከረው 67 ከመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 ከመቶው ብቻ ነው። ጭላዶቹ ሣሩን ሲነቅሉና ሲረግጡ አይጡ ከጕድጓዱ ስለሚወጣ፣ ወይም አይጡ ከመንጋው መካከል ቀበሮውን ለይቶ ስለማያየው ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ያስባሉ። አንዱ የሜዳ አውሬ ሌላውን የሚጠቅምበት ይህ ኑሮ ሊታይ የቻለው ሁለቱም በብዛት አብረው የሚውሉበት ያልታረሰ ሣር ስለ ተገኘ ነው።

ገበሬው ስለ እነዚህ አራዊት ያለው አስተያየት ግን ከተመራማሪው የተለየ መሆኑ አይሰወርም። ለበግ ባለቤት ቀይ ቀበሮ ግልገል የሚወስድ ጠላት ነው፤ ለገብስ ባለቤትም ጭላዳ ማሳ የሚያጠፋ ነው። ቀበሮው ከበግ ይልቅ በአይጥ እንደሚኖር ቢታወቅም፣ አንድ ግልገል የጠፋበት ድኻ በዚህ አይጽናናም። ለቀበሮው ራሱ የሚያሰጋው ከእረኛው ጋር የሚመጣው ውሻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን እንደ ፈጀ ይታወቃልና።

እንግዳውና አዲሱ ገቢ

በአዲሱ ሥርዐት ከሣሩ በተጨማሪ ሌላ ጥቅም ገብቷል። በፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር ድጋፍ በጓሳ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶ አስተዳደሩ ለማኅበረሰቡ ተሰጠ፤ ከአካባቢው ወጣቶችም ጠባቂዎችና መንገድ መሪዎች ተመረጡ። እንግዳው ለማረፊያ፣ ለመሪና ለበቅሎ የሚከፍለው ገንዘብ አራዊቱን በሕይወት ማቈየት ጥቅም እንዳለው ለሕዝቡ እንዲያሳይ ታስቦ ነበር።

ወደ ስፍራው የሚሄድ አስተማሪም ሆነ ተማሪ ከአራዊቱ ጋር እነዚህን ነገሮች ልብ ብሎ ቢመለከት ይጠቅመዋል፤ ሣሩ የት ረዝሞ የት እንዳጠረ፣ በማጭድ የታጨደው ከተጋጠው በምን እንደሚለይ፣ የማሳው ድንበር በምን ምልክት እንደሚታወቅ፣ በዙሪያው ካሉት ቤቶች ስንቱ የሣር ስንቱም የቆርቆሮ ክዳን እንዳለው። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ቆርቆሮ በደጋው መንደር ሁሉ እየበዛ ሄዷል። የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ጓሳን ለክዳን አይፈልገውም፤ የፕላስቲክ ገመድ የገዛም የሣር ገመድ አይፈትልም። የቀሮ ሕግ የቆመው ሕዝቡ ለሣሩ በነበረው ፍላጎት ላይ ከሆነ፣ ፍላጎቱ ሲሳሳ የሚቀረው የግጦሽና የእርሻ ፍላጎት ነው፤ ይህ ደግሞ ሜዳውን ከመዝጋት ይልቅ ወደ መክፈት የሚያደላ ነው።

የእንግዳ ገቢ ይህን ባዶ ቦታ ይሞላል የሚል ተስፋ ነበር። ነገር ግን በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛውን አስቀረ። ሣር በጦርነትም በሰላምም ይበቅላል፤ እንግዳ ግን የሚመጣው በሰላም ብቻ ነው። በእንግዳ ገንዘብ ላይ ብቻ የተደገፈ ጥበቃ ለራሱ ለመንዝ ሰው አስፈላጊ በነበረው ነገር ላይ ከተመሠረተው ጥበቃ ይልቅ ደካማ መሆኑን እነዚህ ዓመታት አሳይተዋል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተነገረው ሦስት ነገሮችን ማጠቃለል ይቻላል። አንደኛ፣ ጓሳ ሰው ያልነካው ምድር ሳይሆን በሰው ሕግ የተሠራ ምድር ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉ የመብቱን መሠረት ከርስት ወደ ዕድር በለወጠ ጊዜ እንኳ ሊቀጥል የቻለው ሣሩ ለሁሉም አስፈላጊ ስለ ነበረ ነው። ሦስተኛ፣ ወደ ፊት የሚያሰጋው አራዊቱን መግደል ብቻ አይደለም፤ የሣሩ ዋጋ በባለቤቶቹ ዘንድ መርከሱ ከዚያ የበለጠ ያሰጋል። ስለዚህ ቀበሮውን ለማዳን የሚያስብ ሰው ስለ ሣሩ ገበያ፣ ስለ ገመዱና ስለ ገሳው፣ በድርቅ ዓመት ስለሚሰጠው ግጦሽም አብሮ ማሰብ ይገባዋል።

ለማኅበራችን አባላትና በተለይ ለከፍተኛ ተማሪዎች የሚቀር አንድ ሥራ አለ። በ1967 ዓ.ም. ጐልማሳ ሆኖ የመጨረሻዎቹን አፈሮዎች ያየ ሰው ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ነው። ሜዳው ሲከፈት የትኛው አጥቢያ ቀድሞ ይገባ ነበር? የሁለቱ ወገኖች ክርክር በማን ፊት ይታይ ነበር? የተቀጣው ሰው ወደ ማኅበሩ የሚመለሰው በምን ሥርዐት ነበር? ከድንበሩ ውጪ የቀሩት ጭሰኞችና ባለ እጆችስ፣ ሴቶችም ጭምር፣ ስለ ቀሮ ምን ይሉ ነበር? እስካሁን የተሰበሰበው ቃል በአብዛኛው የባለ ርስቱ ቃል ነው። የሌሎቹም ቃል ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ በየመንደሩ ተጠይቆ ቢጻፍ፣ የቀሮ ታሪክ የተሟላ ይሆናል፤ ዛሬ የጓሳን ደንብ የሚያሻሽሉት ኮሚቴዎችም ከአባቶች የትኛውን መውረስ፣ የትኛውንም መተው እንደሚገባቸው ለመመዘን ይረዳቸዋል።